የሙሉቀን አህያና የሚያቃጥለው ቅባት

አሁን የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ማል ካላችሁኝ እምላለሁ፤ አንዲት ነገር ብጨምርበት የዘራሁትን ገብስ አመዳይ ይብላው፣ የቤተ ልሔም ታቦት ይፋረደኝ። አርብ ገበያ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚስቅ አውቃለሁ። «እሱባለው ከማለ ቤትህን ዝጋ» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። ባሽሎ ገደል ላይ ተንሸራቶ የወደቀው በሬ መሬት እስኪደርስ ሦስት ቀን ፈጀበት፣ እኛም ከላይ ሆነን ጭዱን በገመድ እናወርድለት ነበር ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ያኛው ውሸት ነው፤ የፈጀበት አንድ ቀን ተኩል ነው። ይሄኛው ግን አህያም ቢኖርበት፣ ኮንዶምም ቢኖርበት፣ እውነት ነው።

ሥራዬ ዓርብ ዓርብ ሸራ ዘርግቶ ባትሪ፣ ምላጭ፣ ሳሙና፣ መርፌና ክር መሸጥ ነው። በቀረው ቀን አርሳለሁ። የተማርሁት እስከ ሰባተኛ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ አነባለሁ ስል ፊደሉን ነው። ምን እንደሚል ሳይገባኝ ሲቀር ከራሴ እሞላበታለሁ። ሰውም የሚወደው የሞላሁትን ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰባት ዓመት ይሠራል ብዬ ሸጬ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሲመለስብኝ «ሰባት ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» ያልሁ ሰው ነኝ። ገዢውም ስቆ ሌላ ገዛኝ።

ከአራት ዓመት በፊት መተማ ሰሊጥ አረማ ሄድሁ። ከዚያ ይዤ የመጣሁትን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሳል አልለቅ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርሁ፤ ደሜ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ሚስቴ ሐረገ ወይን ስትመረመር ነፃ ሆነች። የምትከታተለን ነርስ ሲስተር ሊድያ ትባላለች፤ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። «ክኒኑን ሳታቋርጥ ከዋጥህ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ለሚስትህ አይተላለፍም። እስከዚያ ድረስ ግን ያለ ኮንዶም አትቅረባት» አለችኝ። እሺ አልሁ።

እሺ ብዬም አቋረጥሁት። ጸበል ገባሁና ክኒኑን ተውሁት። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ መድኅን ሲሰሙ መቋሚያቸውን አንሥተው ነበር።

«ጸበሉንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ» አሉኝ። «ሁለት እጅ የሰጠህ ለምን መስሎህ ነው?»

ተመልሼ ጀመርሁ። ግን ደሜ ሲለካ ገና ብዙ አለ ተባለ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚያች ላስቲክ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሐረግ ነፃ ሆና መኖሯ፣ አለመኖሯ።

ሐረግን ያገባኋት በቁርባን ነው። የመተማውን ነገር የሰማች ቀን ወደ እናቷ ትሄዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሄደችም። ቀኑን ሙሉ ምስር ስትለቅም ዋለች፤ የለቀመችውን ደባልቃ እንደገና ለቀመችው። ሲመሽ «እንግዲህ ተጠንቅቀን እንኖራለን» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ጤና ጣቢያው ኮንዶም በነፃ ይሰጣል። እኔ ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ነገር አይጥመኝም። በነፃ የተሰጠ መጥረቢያ እንጨት ሲቆርጥ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ መተማ ለቀረ አንድ ወዳጄ ስልክ ደወልሁና ደህና ነገር ላክልኝ አልሁት። በድንበር የገባ አንድ ካርቶን በመኪና ላከልኝ። ወርቃማ ካርቶን ነው፤ ላዩ ላይ ፏፏቴ ተሥሎበታል። ኮንዶሙ ራሱ እንደ ሌላው ነው፤ ቅባቱ ግን ይበዛል፣ ሽታውም የልብስ ሳሙና ሽታ ነው። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ተጽፏል። ፊደል በፊደል ስለቅመው ኖኖ የሚል መጣ፣ ከዚያ ምላስ የሚያሥር ነገር፣ መጨረሻው ላይ ዘጠኝ ቁጥር። ከሥሩም መግደል የሚል ቃል አለ። እሱን ቃል ከፊልም አውቀዋለሁ።

መግደልና ዘጠኝ። የቀረውን ሞላሁት።

«ይሄ ቅባት ቫይረሱን ዘጠኝ ጊዜ ይገድለዋል» አልኋት ለሐረግ። «አንድ ጊዜ ቢሞት ይነሣ ይሆናል፤ ዘጠኝ ጊዜ የሞተ ግን አይነሣም።»

የጀመርነው ከጥምቀት በኋላ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሐረግ «ያቃጥላል» አለችኝ።

«ማቃጠሉማ መሥራቱ ነው» አልኋት።

«እንዴት?»

«ፌጦ ሲቀቡሽ አያቃጥልሽም? ቫይረሶቹ እየሞቱ ነው። ሲሞቱ ይራገጣሉ። የሚሰማሽ እርግጫቸው ነው።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያቃጥላል ብላ አታውቅም። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ሁዳዴ ገባ። በጾም አንነካካም፤ ኃምሳ አምስቱን ቀን ካርቶኑ መደብ ሥር ተቀመጠ። ፋሲካ አለፈ። በዓለ ኃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነውና ካርቶኑ ወጣ። ግንቦት አጋማሽ ላይ አንዱ ተቀደደ። ሲስተር ሊድያ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥማችሁ ሦስት ቀን ሳያልፍ ኑ፣ ለእሷ የሚሰጥ መድኃኒት አለ ብላን ነበር። ሐረግም አስታወሰችኝ። እኔ ግን ያን ሳምንት የበቆሎ እርሻ ነበረብኝ፤ መንገዱም ረዘመብኝ።

«ዘጠኝ ጊዜ ይገድላል ብዬሽ የለ? ዘጠኝ ዘበኛ በይው» አልኋት። «አንዱ ቢያንቀላፋ ስምንቱ አሉ።»

አልሳቀችም፣ አልተከራከረችም። አልሄድንም።

አሁን ወደ አህያዋ ልምጣ።

ሙሉቀን ጎረቤታችን ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። ሁለት አህዮች አሉት። አንደኛዋ ሴት አህያ ጀርባዋ ላይ ግራና ቀኝ ገጣባ ወጥቶባት ነበር፤ ጭነት የሚልጠው ያ ቁስል ማለት ነው። አንድ ዓርብ፣ ኮንዶሙ ከተቀደደ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ሸራዬ አጠገብ ቆሞ «ለገጣባ የሚሆን ነገር የለህም?» አለኝ።

ካርቶኑ ከእኔ ጋር ነበር። እቤት እንግዳ ሲመጣ እንዳይታይ ብዬ አንዳንዴ ከዕቃዬ ጋር ይዤው እወጣለሁ። ለመሸጥ አልነበረም፤ ማንስ ይገዛኛል፣ የፈለገ ሰው ተሸፋፍኖ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። የዚያን ቀን ግን ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፣ እኔም ሰልችቶኛል። ሙሉቀን በሰው መሀል ኮንዶም እየቀደደ አህያ ሲቀባ ማየት አማረኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«አለኝ እንጂ» አልሁት። «ከባሕር ማዶ የመጣ ቅባት ነው። ዘጠኝ ዓይነት ነቀርሳ ይገድላል። ላስቲኩን ጣለው፣ ቅባቱን ጨምቀህ ማለዳ ማለዳ ጀርባዋን ቅባት።»

ሙሉቀን አንዱን ቀደደና አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄ ያ ነገር አይደለም እንዴ?»

«ያ ነገር ነው። ለሰው የሆነ ለአህያ ያንሳል?»

እዚያው ቆሞ ቀባት። ከጎኔ የሚቀመጠው ጨው ሻጭ ከሣቁ ብዛት ጨዉ ላይ ተቀመጠ። «ሙሉቀን፣ ባሏን አስፈቅደሃል?» እያሉ ገበያው ሁሉ ተቀባበለው። አህያዋ ስትነካ በኋላ እግሯ መታች፤ አንድ የማር ቅል ሰበረች። ቀኑ እንደዚያ ሆኖ ደስ ብሎኝ ገባሁ። አሥራ ሁለት ፍሬ ነው የሰጠሁት።

ሙሉቀን ሁለት ገበያ ቀረ። በሦስተኛው ዓርብ፣ ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ያችኑ አህያ ባዶዋን እየነዳ መጣ። ሐረግ ያን ቀን ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትሸጥ ነበር።

«እሱባለው፣ አህያዬን እያት» አለ።

«ምነው አያ ሙሉቀን፣ ሰላምታውስ የታለ?»

«ሰላምታው ጀርባዋ ላይ ነው።»

የሸፈናትን ጨርቅ አነሣው። በግራ በኩል የነበረው ገጣባ ደርቆ ጠጉር ጀምሯል። በቀኝ በኩል ያለው ግን ሁለት እጥፍ ሰፍቷል፤ ሥጋው ቀይ ሆኖ እያዠ ነው፣ ዳሩ ላይ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል።

«ጭነት አብዝተህባት ነው» አልሁት።

«ከዚያ ወዲህ አንድ ጣሳ አልጫንሁባትም።»

«ዝንብ ነው እንግዲህ።»

«ዝንቡ በግራ በኩል አይሄድም? ስማ እሱባለው። ቅባትህ ለሁለቱም ወገን ስላልበቃኝ ቀኙን ብቻ ቀባሁ፣ ግራውን ለእግዜር ተውሁት። እግዜር የያዘው ይኸው ሻረ። አንተ የያዝኸው ይኸው።»

ሰው ተሰበሰበ። ጨው ሻጩ «እሱባለውና እግዜር ገበያ ላይ ተወዳደሩ» አለ። መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለማለት ዘወር ስል ሐረግ ከምስሯ ተነሥታ አህያዋ ዘንድ ሄዳለች። ቁስሉን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሲቀቧት ምን ትሆን ነበር?» ብላ ሙሉቀንን ጠየቀችው። እሷ አንቱ ትለዋለች።

«መጀመሪያ ትራገጥ ነበር። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ግን ዝም አለች። እኔም ዝም ስትል የተሻላት መሰለኝና ገፋሁበት።»

«እሺ» አለች ሐረግ።

ተመልሳ ተቀመጠች። አንዲት ሴት ምስር ስትጠይቃት ሰፈረችላት፤ ጣሳውን በእጇ አስተካክላ፣ ትንሽ ጭማሪ አድርጋላት። እኔ ለጨው ሻጩ ልመልስለት ያሰብሁት ነገር ምን እንደነበር እስከዛሬ አላስታውስም።

ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። ከገበያው ከወጣን በኋላ ዳገቱ ግማሽ ላይ ጆንያዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔንም እንደዚያ አድርጎኛል» አለች።

«ምኑ?»

«ቅባቱ። ልጦኛል። ውሃ ሽንት ስሄድ ሕመሙን ዋጥ አድርጌ ነው የምሄደው። አንዳንዴ ደምም አያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ። ሁዳዴ ሲገባ ተወኝ። ስቅለት ዕለት ስሰግድ ስውል ምንም አልነበረኝም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መልሶ ጀመረኝ። ያን ጊዜ ነው ከምን እንደሆነ የገባኝ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ» አለች። «ያቃጥላል አልሁህ።»

ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የምስር ዋጋ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። ከፊታችን አንድ ሰውዬ ሁለት በግ እየጎተተ አለፈ፤ እንደምን ዋላችሁ አለን፣ እግዜር ይመስገን አልነው። ጆንያውን ተሸከምሁትና ሄድን።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ሊድያ ሁለት ዓመት ስትከታተለኝ ቀልዴን ሁሉ ስለለመደችው አንተ ነው የምትለኝ፤ ስገባ ራሱ ፈገግ ትላለች። ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጠው አነሣችው፣ ጎኑን አነበበችው። እኔ ሳምንት የፈጀብኝን ስም እሷ በአንድ ትንፋሽ አለችው።

«ኖኖክሲኖል ዘጠኝ። ከየት አመጣኸው?»

«ከመተማ።»

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የሚገድል» አልሁ።

«የሚገድለው የወንድ ዘር ነው፤ እርግዝና እንዳይኖር ተብሎ። ኬሚካሉ ግን ዘሩን ለይቶ አያውቅም። የሳሙና ዘመድ በለው። የሴትን ስስ ሥጋም ይልጣል። አልፎ አልፎ ሲሆን ላይታወቅ ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ ሲሆን ግን ያቆስላል።»

«ቫይረሱንስ?» አለች ሐረግ።

«ድሮ ይገድላል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በሴቶች ላይ ሲጠና ግን አልተከላከለም። እንዲያውም አዘውትረው በተጠቀሙት ላይ ባሰ፤ ቁስል ለቫይረሱ በር ነውና። ከዚያ ወዲህ ይሄ ቅባት ያለበትን ኮንዶም አታስተዋውቁ ተብሏል። እርግዝናን እንኳ ከተራው ኮንዶም አብልጦ አይከላከልም።»

«ኮንዶሙም አይረባም ማለት ነው?» አልሁ።

«ኮንዶሙ አልበደለም። ሳይቀደድ እስካለ ድረስ ይከላከላል፤ ከምንም ይሻላል። ችግሩ ቅባቱ ነው። እዚህ በነፃ የምንሰጠው ኮንዶም ቅባቱ እንዲህ ያለ ኬሚካል የለውም። ለእናንተ የሚበቃችሁ እሱ ነበር።» ከዚያ ወደ ሐረግ ዞረች። «ተቀድዶባችሁ ያውቃል?»

ሐረግ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ሠንጠረዥ አየሁ።

«አንዴ» አለች ሐረግ። «ግንቦት ላይ።»

«በሦስት ቀን ውስጥ ኑ ብያችሁ አልነበር?»

«ብለሽን ነበር።»

ሲስተር ሊድያ ብዕሯን ከፍታ ዘጋችው።

«እንዳትመጡ ያደረገው እሱ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጠማዘዝ ከተናገርኋቸው ነገሮች አንዷ ናት።

ሐረግን ወስዳ መረመረቻት፤ ቁስሉንም አየችላት፣ የሚታከምበትን ሰጠቻት። ከጣቷ ደም ወስዳ ስትመረምራት ነፃ ነሽ አለቻት። ሐረግ ትንፋሽ ልታወጣ ስትል ግን ሲስተሯ እጇን አነሣች።

«ይሄ የዛሬው ነው። ከግንቦት የገባ ነገር ካለ ገና ላይታይ ይችላል። ሦስት ወር ሲሞላው እንደገና እናያለን፤ ያን ጊዜ ነው ልብ የሚያርፈው። እስከዚያ ቁስሉ እስኪድን አትቀራረቡ። እሱ ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ አይዝለል። የሦስት ወሩ ምርመራ ነፃ ነሽ ካለ፣ አንቺም በየቀኑ የምትወስጂው መከላከያ ክኒን አለ፤ በእሱ ደም ያለው ቫይረስ እስኪወርድ እንጀምርልሻለን።»

ካርቶኑን እዚያው አስቀረችው፤ ለወረዳው አሳያለሁ አለች። እኔ አልጠየቅሁም።

ሦስት ወር ጠበቅን። ስለ ሦስቱ ወር ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። ዘነበ። ገብስ ተዘራ፣ ስንዴ ተዘራ፣ ታረመ። ክኒኔን ማለዳ ስውጥ ሐረግ ታየኛለች፤ ዋጥኸው አትለኝም፣ ታያለች ብቻ። ፍልሰታ ገባ፣ ወጣ። ሙሉቀንን ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ቅባቱ ምን እንደሆነ ነገርሁት። «ለአህያ ነው ወይስ ለሌላ ነው ይቅርታው?» አለኝ። ጠላውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ገበያ ላይ ስለ በሬው አውራልን ይሉኛል። አወራለሁ። ይስቃሉ። አፌ ሲንቀሳቀስ ከጎን ሆኜ የማየው ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው ምላጭ እንደሚሸጥ። እጄን በክብሪት ብነካው የሚያቃጥለኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ሞከርሁት። ያቃጥላል።

አንድ ቀን ብቻ ተነጋገርን። ስንዴ እያረምን ነበር፣ እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን። ቀና ሳትል፦

«አለብህ ሲሉህ ምን ተሰማህ?» አለችኝ።

ውሸት ብዙ ነበረኝ። ሰማይ ተከፈለ ማለት እችላለሁ፤ ወንበሩ ሸሸኝ ማለት እችላለሁ።

«ምንም» አልኋት። «የሲስተሯ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጉንዳን ነበረች። የስኳር ፍሬ ተሸክማ ትሄዳለች። ጠረጴዛው ጫፍ ደርሳ ስትወርድ እስክትጠፋ አየኋት። ሌላ አላስታውስም።»

«ጉንዳኗ ስኳሩን ጣለችው?»

«አልጣለችውም።»

«እሺ» አለችና አረሟን ቀጠለች።

በሌላ ጊዜ ደግሞ፣ እሷ ሳታየኝ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ቀኑን ስትቆጥር አየኋት። በጣቷ ሳይሆን በአገዳ ነበር የምትነካው፤ ወረቀቱ የሚያቃጥል ይመስል። እሷም እንደምትፈራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ ብቻ የምፈራ መስሎኝ ነበር። የምፈራውም ለራሴ ነበር መሰለኝ፤ ከተገኘባት እኔ ምን እሆናለሁ እያልሁ። ይሄን ብደብቀው ይሻል ነበር፤ ግን ምያለሁ።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ሄድን። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በላይኛው መሻገሪያ ዞርን፤ ጠዋት ተነሥተን ረፋድ ላይ ደረስን። ሐረግ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ነበር፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን። ወረፋ ላይ ሳለን አጠገባችን የተቀመጠች አሮጊት «ልጄ፣ ክርስትና ነው እንዴ?» አለቻት። ሐረግ «አይደለም እማማ፣ ምርመራ ነው» አለቻት። «እግዜር ይማርሽ» አለች አሮጊቷ። ሐረግ አሜን አለች።

ሲስተር ሊድያ ጣቷን ወጋቻት። ጠብታዋን መመርመሪያዋ ላይ አስቀመጠች፣ ፈሳሽ ጨመረችበት፣ ሰዓቷን አየች። አንድ መስመር ከሆነ ነፃ ናት፤ ሁለት መስመር ከሆነ ገብቷል። ይህን እኔም ሐረግም እናውቀዋለን። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚጠበቀው። ሐረግ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ የተወጋችው ጣት ላይ ያለው ጥጥ ቀስ እያለ ቀላ። ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች የጤና ጣቢያውን አጥር እያደሱ ነው። አንደኛው ምስማር ጠፋብኝ እያለ ሌላውን ይሰድበዋል፤ ምስማሩ አፉ ውስጥ ነው፣ ከዚህ ይታየኛል። ሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የሚበቃ ወሬ አወጣበት ነበር።

አንደኛዋ መስመር ቶሎ ወጣች። የሁለተኛዋ ቦታ ባዶ ነው። ባዶውን አየሁት። ዓይኔ ራሱ መስመር ሊያሠምርበት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ያለ ይመስለኛል፣ ዓይኔን ስጨፍን ይጠፋል።

ሲስተር ሊድያ ሰዓቷን አየች። መመርመሪያዋን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። ከዚያ ሐረግ ፊት አስቀመጠችላት።

«ነፃ ነሽ» አለች። «ከግንቦቱም ነፃ ነሽ። ቁስሉም ድኗል። በእሱም ደም ያለው ቫይረስ ወርዷል፤ ገና ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ወርዷል። ያንቺን ክኒን ዛሬ እንጀምራለን፣ ተራውን ኮንዶምም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቅባት የበዛበት ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ያ ኬሚካል ያለበትን ግን አታስገቡ።»

«ሲስተር» አልሁ እኔ፣ «ውጤቱን በወረቀት ጽፈሽ ስጪኝ። እኔ ብናገረው የሚያምነኝ የለም።»

ሲስተር ሊድያ ሳቀች። ሐረግም ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪነቀነቅ ድረስ። ከዚያ ተነሥተን አብረን ወጣን።

ወረቀቱ አለኝ፤ ነፃ መሆኗ እውነት ነው፣ ማየት ለፈለገ አሳያለሁ። አህያዋም እውነት ናት፣ ሙሉቀንን ጠይቁት። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ሐረግ አልሳቀችም። ቀልዱን ስናገር ክኒኗን እየተቀበለች ነበር፤ እንዴት እንደሚዋጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀች። ስንወጣም አብረን አልነበርንም። እሷ ቀደመች፣ እኔ ተከተልሁ፤ ዳገቱን እስክንጨርስ ዞራ አላየችኝም።